ጣት በቁልፍ ላይ፤ ቪም የተባለውን ኤዲተር ለፕሮግራምና ለአማርኛ ሥራ ስለ ማሰናዳት

ቁሐር ሚካኤል ከወረታ አጠገብ በፎገራ ሜዳ ላይ የምትገኝ አገር ናት። ስሟን ጻፉ ቢባል አንዱ ቁሐር፣ ሁለተኛው ቁሃር፣ ሦስተኛው ቁኀር ብሎ ይጽፋል። ሰው ሲያነበው ሦስቱም አንድ ነው፤ ያገሩ ልጅም በየትኛውም ቢጠራ አቤት ይላል። ኮምፕዩተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የሐ ቍጥር 4624፣ የሃ 4611፣ የኀ ደግሞ 4736 ነው። ስለዚህ «ቁሐር» ብሎ የፈለገ ሰው «ቁሃር» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ማሽኑም «የለም» ብሎ ሲመልስ አያፍርም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ውጤቱ ቀልድ አይደለም። ኃይሉ የሚባል ገበሬ ስሙ በአንድ መዝገብ በኃ፣ በሌላው በሀ ቢጻፍ ሁለት ሰው ሆኖ ይቈጠራል፤ ወይም ከሁለቱ ባንዱ ይቀራል። የማዳበሪያ ወይም የመሬት ዝርዝር በሚጣራበት ቀን መቅረት ምን ማለት እንደ ሆነ ከገጠር የመጣን ሁላችን እናውቃለን። እንዲሁም የቋንቋ ተማሪ ስለ ፎገራ የሩዝ እርሻ የሚነገሩትን ቃላት ሰብስቦ ስንት ጊዜ እንደ ተነገሩ ልቍጠር ቢል፣ በፊደል አጻጻፍ ምክንያት ቍጥሩ ሁሉ ይሳሳትበታል። ሩዝ በዚያ ሜዳ የተስፋፋው በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ከተተከለ ወዲህ ነው፤ ስለዚህ የሩዝ ቃላት ገና ትኩስ ናቸው፤ አሁን ካልተሰበሰቡ ማን እንዳወጣቸውና ከየት እንደ መጡ የሚናገር ሽማግሌ አይገኝም።

እንግዲህ ይህን የሚያቃና ፕሮግራም ማን ይጻፍልን? በአርት ፋኩልቲ ያለን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ፕሮግራም የሳይንስ ሰዎች ሥራ ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን በድኅነትና በድህነት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው የቋንቋ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ወደ እኛ ይመለሳል። ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በነጻ የሚገኝ፣ በአሮጌ ኮምፕዩተር የሚሠራ፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት የማይፈልግ ነው። ስሙም ቪም ይባላል። ይህ ጽሑፍ ቪምን እንዴት እንደሚያሰናዱት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስረዳል። በዚህ ገጽ የላቲን ፊደል ስለማንጠቀም የቁልፎቹንና የትእዛዞቹን ስም በድምፃቸው እጽፋለሁ፤ አንባቢ በኪቦርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ይጻፋቸው።

ኤዲተር ምንድን ነው?

ዎርድ የተባለውን ሁላችን እናውቀዋለን። ዎርድ ከጽሑፉ ጋር የፊደሉን መልክ፣ ውፍረቱን፣ የገጹን ስፋት ጭምር አብሮ በፋይሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ለፕሮግራም ግን ይህ ሁሉ ጓዝ ነው። ፕሮግራም የሚጻፈው በባዶ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ፊደልና ፊደል ብቻ። ይህን ባዶ ጽሑፍ የምንጽፍበትና የምናርምበት መሣሪያ ኤዲተር ይባላል። ከኤዲተሮች መካከል በማውዝ እየተመሩ የሚሠሩ አሉ፤ ቪም ግን በኪቦርድ ብቻ ይነዳል፤ እጅ ከቁልፍ አይነሣም።

የቪም አባት ቪአይ የተባለው ኤዲተር ነው። እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1976 ቢል ጆይ የተባለ ሰው በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጻፈው። ቢል ጆይ የሚሠራው በስልክ መስመር በተገናኘ ስክሪን ነበር፤ መስመሩም በሴኮንድ 300 ቢት፣ ማለት ሠላሳ ያህል ፊደል ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። እንደዚህ ባለ መስመር ላይ አንድ ገጽ እስኪታይ ብዙ ይጠበቃል። ስለዚህ ትእዛዞቹ አንድ አንድ ፊደል እንዲሆኑ አደረገ። የሠራበት ኤዲኤም-3ኤ የተባለው ስክሪን የቀስት ምልክቶቹ በኤች፣ በጄ፣ በኬ፣ በኤል ቁልፎች ላይ የታተሙ ስለ ነበሩ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በቪም ውስጥ ኤች ወደ ግራ፣ ጄ ወደ ታች፣ ኬ ወደ ላይ፣ ኤል ወደ ቀኝ ይወስዳል። በድኻ መስመር ላይ የተወለደ መሣሪያ ስለ ሆነ ለድኻ መስመር ይስማማል። በ1991 ደግሞ ብራም ሙሌናር የተባለ የሆላንድ ሰው ቪአይን አሻሽሎ ቪም አድርጎ አወጣው።

ሁለቱ ሁኔታዎች

ቪምን መጀመሪያ የከፈተ ሰው ሁሉ የሚደናገጠው ባንድ ነገር ነው፤ ይጽፋል፣ የጻፈው ግን አይታይም፤ ጠቋሚው ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ቪም ሁለት ዋና ሁኔታዎች አሉት። በመጀመሪያው፣ በትእዛዝ ሁኔታ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ትእዛዝ ነው፤ በሁለተኛው፣ በመጻፊያ ሁኔታ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ፊደል ነው። ከትእዛዝ ወደ መጻፍ ለመግባት አይ የተባለውን ቁልፍ መጫን፤ ከመጻፍ ወደ ትእዛዝ ለመመለስ ኤስኬፕን መጫን ነው። ይህን ያወቀ የቪምን ግማሽ አወቀ።

ትእዛዞቹ ሰዋስው አላቸው፤ ይህም ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። በግእዝ ግሥ ብዙ ጊዜ እንደሚቀድም ሁሉ በቪምም ግሡ ይቀድማል፤ ስሙ ይከተላል። ዲ ማለት «አጥፋ» ነው፤ ደብሊው ማለት «ቃል» ነው፤ ዲ እና ደብሊው ሲከታተሉ «ቃሉን አጥፋ» ይሆናል። ሲ ማለት «ለውጥ» ነው፤ ሲ እና ደብሊው «ቃሉን ለውጥ» ይሆናል። ግሡ ሁለት ጊዜ ቢደገም መላውን መስመር ይይዛል፤ ዲ ዲ መስመሩን ያጠፋል፤ ዋይ ዋይ መስመሩን ይቀዳል፤ ፒ የተቀዳውን ያኖራል። ቍጥር ቢቀድም ያንኑ ያህል ጊዜ ይደጋግማል፤ 3 ዲ ዲ ሦስት መስመር ያጠፋል። ዩ የተሠራውን ይመልሳል። እንግዲህ አምስት ግሥና አምስት ስም ያጠና ሰው ሃያ አምስት ትእዛዝ አወቀ ማለት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በሁለት ነጥብ የሚጀምሩ ትእዛዞች አሉ፤ ሁለት ነጥብ ስንል የእንግሊዝኛውን ኮለን ነው። ኮለን ደብሊው ፋይሉን ሴቭ ያደርጋል፤ ኮለን ኪው ይወጣል፤ ኮለን ኪው ከቃለ አጋኖ ጋር ሴቭ ሳያደርግ ይወጣል። ስንቱ ተማሪ ይህችን ሳያውቅ ከቪም ለመውጣት ኮምፕዩተሩን እንዳጠፋ እግዜር ይቍጠረው!

መጫንና ማሰናዳት

ኡቡንቱ ባለበት ኮምፕዩተር ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪም» ማለት ይበቃል። አንዳንድ ጊዜ ኮምፕዩተሩ ቪም ታይኒ የተባለውን ትንሹን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ እርሱ ቀለምም የአማርኛ መጻፊያም ስለማይችል ሙሉው መጫን አለበት። ዊንዶውስ ባለበት ደግሞ መጫኛውን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ቢያወርደው፣ በፍላሽ ከመኝታ ቤት ወደ መኝታ ቤት ይዞራል። ከመጫኑ ቀጥሎ ቪምቱተር የተባለውን ትምህርት መጀመር ነው፤ ከቪም ጋር አብሮ ይመጣል፤ በግማሽ ሰዓት ያህል ያልቃል።

የቪም ጠባይ የሚወሰነው ነጥብ ቪምአርሲ በሚባል አንድ ፋይል ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ከነጥቡ ይልቅ የሥር መስመር ይቀድመዋል። ይህ ፋይል በቤታችን ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ለጀማሪ እነዚህ መስመሮች ይበቃሉ፤

ሲንታክስ ኦን
ሴት ነምበር
ሴት አውቶኢንደንት
ሴት ኤክስፓንድታብ
ሴት ሺፍትዊድዝ=4
ሴት ሶፍትታብስቶፕ=4
ሴት ኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ-8
ሴት አንዱፋይል

ትርጉማቸው እነሆ። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን ቃላት በየዓይነታቸው ቀለም ይቀባል፤ መዝጊያ ጥቅስ የረሳ ሰው ከቀለሙ ያውቀዋል። ሁለተኛው የመስመር ቍጥር ያሳያል፤ ፓይተን «ስሕተት በመስመር 14» ሲል 14ኛውን ሳንቈጥር እናገኘዋለን። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ስለ ገባ ብሎ መጻፍ ናቸው፤ በፓይተን ቋንቋ መስመር ገባ ማለቱ ራሱ ትርጉም ስላለው ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ሰባተኛው ፋይሉ በዩኒኮድ እንዲነበብ ያደርጋል፤ ያለ እርሱ አማርኛችን በአንዳንድ ኮምፕዩተር ላይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀራል። ስምንተኛው ፋይሉ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላም እንኳ ትናንት የሠራነውን በዩ መመለስ እንድንችል ታሪኩን ያስቀምጣል።

ፕሮግራሙን ከቪም ሳይወጡ ማስኬድም ይቻላል። በኮለን ደብሊው ሴቭ ካደረጉ በኋላ፣ ኮለን፣ ቃለ አጋኖ፣ ፓይተን3፣ ክፍት ቦታ፣ የመቶኛ ምልክት ጽፎ ኢንተርን መጫን ነው። ቃለ አጋኖው «ውጭ ያለውን ፕሮግራም ጥራ» ማለት ሲሆን፣ የመቶኛው ምልክት «አሁን የተከፈተውን ፋይል» ማለት ነው። የጀመሩትን ቃል ለማስጨረስ ደግሞ በመጻፊያ ሁኔታ ኮንትሮልና ኤን መጫን ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ተመሳሳይ ቃላት ዘርዝሮ ያቀርባል። እንግዲህ መጻፍ፣ ማስኬድ፣ ስሕተቱን አይቶ ማረም በአንድ ስክሪን ላይ ሆነ፤ የፕሮግራም መሥሪያ ቦታ የሚባለውም ይኸው ነው።

መብራት ቢጠፋስ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በፊት ሊነሣ የሚገባው ሳይሆን አይቀርም። ቪም ፋይል ሲከፍት በአጠገቡ ስዋፕ የሚባል ስውር ፋይል ያስቀምጣል። 200 ፊደል በተጻፈ ቍጥር፣ ወይም ጸሐፊው ለ4 ሴኮንድ እጁን ባሳረፈ ጊዜ፣ ለውጡን በዚህ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፋይሉን ብንከፍት ቪም ራሱ ያስታውሰናል፤ አር የሚለውን ብንመርጥ ሥራችንን ይመልሳል። የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። ሥራው በትክክል መመለሱን ካረጋገጡ በኋላ ሴቭ ማድረግና የስዋፕ ፋይሉን መሰረዝ ነው፤ አለዚያ ማስታወቂያው በየቀኑ ይመጣል።

አማርኛን ማስገባት

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን። የአማርኛ ፊደል በሠላሳ ሦስት ተራ በሰባት ሰባት ተደርድሮ 231 ይሆናል። በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማኖር ፊደሉን ከፋፍሎ ቅጥያውን ለብቻ መምታት ግድ ሆኖ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው የሚነሣውም በዚህ አስቸጋሪ ሥራ ነው። በኮምፕዩተር ዘመን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 መዝገብ ስለ ገባ፣ ፊደሉን መቈራረጥ ቀርቶ በሁለት ቁልፍ አንድ ፊደል መጻፍ ተችሏል።

ነገር ግን የኮምፕዩተሩን ኪቦርድ ወደ አማርኛ ለውጠን ቪምን ብንከፍት ነገሩ ይበላሻል። ዲ ዲ ብለን መስመር ልናጠፋ ስንል ቪም የሚደርሰው «ድድ» ነው፤ ድድ የሚባል ትእዛዝ ደግሞ የለውም። ስለዚህ የኮምፕዩተሩን ኪቦርድ በእንግሊዝኛ ትቶ፣ አማርኛውን ለቪም ራሱ መስጠት ይሻላል። ቪም ኪማፕ የተባለ ሠንጠረዥ ይቀበላል፤ ይህ ሠንጠረዥ የሚሠራው በመጻፊያ ሁኔታ ብቻ ስለ ሆነ ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ይኖራሉ፤ ጽሑፉ ግን አማርኛ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቤታችን ማኅደር ነጥብ ቪም በሚባለው ውስጥ ኪማፕ የሚባል ማኅደር እንከፍታለን፤ በዊንዶውስ የቪም ማኅደር ስም ቪምፋይልስ ነው። በኪማፕ ውስጥ አማሪክ ነጥብ ቪም የሚባል ፋይል እንጽፋለን። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «ሎድኪማፕ» የሚል አንድ ቃል ነው። ከዚያ በታች በየመስመሩ በስተግራ የላቲኑ ቁልፍ፣ በስተቀኝ የአማርኛው ፊደል ይጻፋል፤ ኤል ከኢ ጋር ለ፣ ከዩ ጋር ሉ፣ ከአይ ጋር ሊ፣ ከኤ ጋር ላ፣ ከትልቁ ኢ ጋር ሌ፣ ብቻውን ል፣ ከኦ ጋር ሎ። ሐ ከሀ እንዲለይ በትልቁ ኤች፣ ኀ ደግሞ በሁለት ትንንሽ ኤች ቢሆን ይመቻል።

231 መስመር በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው፤ ግን ለምን በእጅ? ዩኒኮድ ፊደላችንን በተራ አስቀምጦታል። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 እያለ በስምንት በስምንት ይሄዳል፤ በእያንዳንዱም ተራ ውስጥ ከግእዝ እስከ ሳብዕ አንድ አንድ እየጨመረ ይቀጥላል። ከቀ በኋላ የቈና የትግርኛው ቐ ተራዎች ስለሚገቡ፣ የየተነባቢውን መነሻ ቍጥር በዝርዝር መስጠት ያስፈልጋል። የፓይተን ሲኤችአር የተባለው ትእዛዝ ቍጥር ሲሰጡት ፊደል ያወጣል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ተነባቢ መነሻውን ሰጥቶ፣ ከ0 እስከ 6 እየጨመሩ በላቲኑ አናባቢ ፊት ለፊት ማስጻፍ ነው፤ ከሠላሳ ሦስቱ መነሻ ቍጥሮች ሌላ ፕሮግራሙ ከዐሥር መስመር አይበልጥም። መነሻውን የማያውቅ ሰው ጠቋሚውን በፊደሉ ላይ አኑሮ ጂ ኤ ቢመታ ቪም ቍጥሩን ከታች ይነግረዋል።

በመጨረሻም በቪምአርሲ ፋይል ውስጥ «ሴት ኪማፕ=አማሪክ» እና «ሴት አይኤምኢንሰርት=0» የሚሉትን መጨመር ነው። የኋለኛው በእንግሊዝኛ እንዲጀምር ያደርጋል። በመጻፊያ ሁኔታ ኮንትሮልና 6 ሲጫኑ ወደ አማርኛ፣ ደግሞ ሲጫኑ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል፤ ሲፈልጉም እንዲሁ። ፊደሎቹ በስክሪኑ ላይ ተጣብቀው ወይም ጫፋቸው ተቈርጦ ቢታዩ አትደንግጡ፤ ስክሪኑ ለላቲን ጠባብ ፊደል የተለካ በመሆኑ ነው እንጂ ፋይሉ አልተበላሸም።

ቁሐርን መፈለግ

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ የመጀመሪያውን ችግራችንን እንፍታ። በትእዛዝ ሁኔታ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን ሰረዝ መትተን ይህን እንጽፋለን፤

ቁ[ሀሃሐሓኀኃኻ]ር

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ናቸው። ቪም ቁሐርን በየትኛውም ሀ ቢጻፍ ያገኘዋል፤ ኤን በተመታ ቍጥር ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በአንድ አጻጻፍ እናድርገው ብንል ደግሞ ኮለን፣ የመቶኛ ምልክት፣ ኤስ፣ ሰረዝ፣ ከላይ ያለው ቃል፣ ሰረዝ፣ ቁሐር፣ ሰረዝ፣ ጂ ሲ እንላለን። ሲ የተጨመረችው በየቦታው «ልለውጥ ወይስ ልተው?» ብሎ እንዲጠይቀን ነው።

ይህችን ጥያቄ አትናቋት። በመላው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ፣ ሠና ሰንም አንድ አድርጎ የሚጨፈልቅ ፕሮግራም ድኅነትን ከድህነት፣ ሠረቀን ከሰረቀ ጋር ይደባልቃል፤ ፀሐይ ሠረቀች ያለውን ደራሲም ፀሐይን ሌባ አድርጎ ያስነቅፈዋል። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ሰብሳቢው ከገበሬው የሰማውንና ከመዝገብ የቀዳውን እንደ ነበረ ይተወው፤ በአጠገቡ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቅጂ ፕሮግራሙ ይሥራለት። ፍለጋው በቅጂው ላይ ይደረግ፤ የሚታየው ግን ዋናው ይሁን። እንዲህ ከሆነ ገበሬው ከዝርዝር አይቀርም፤ የአባቶች አጻጻፍም አይጠፋም። ፓይተን 3 የአማርኛ ስያሜ ስለሚቀበል ፕሮግራሙ ውስጥ

ስም = "ቁሐር ሚካኤል"

ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ የሚያነበው ወንድማችን የትኛው ዋና፣ የትኛው ቅጂ እንደ ሆነ በገዛ ቋንቋው ያያል።

ሌላ መንገድ የለምን?

አለ። ኢማክስ የተባለው ኤዲተር የኢትዮጵያን ፊደል መጻፊያ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ የላቲንና የአማርኛ አዛማጁ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው ሥርዐት ላይ የቆመ ነው። ሠንጠረዥ ለመሥራት የሚሰለች ሰው ኢማክስን ቢይዝ አይጸጸትም፤ ትእዛዞቹ ግን ኮንትሮልን ሁልጊዜ ስለሚጠይቁ ትንሿን ጣት ያደክማሉ። ቪኤስ ኮድ ደግሞ ለጀማሪ ይቀላል፤ ማውዝም ይቀበላል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሜሞሪ ስለሚበላ በአሮጌ ኮምፕዩተር ላይ ያዘግማል። የቪም ጉዳቱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብሎ ይጽፋል፤ ፈተና በቀረበበት ሳምንት መጀመር ስለዚህ አይመከርም።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። ሙሌናር ቪምን በነጻ ሲሰጥ የወደደ ሰው በደቡብ ኡጋንዳ በኪባሌ ላሉ ችግረኛ ሕፃናት እንዲለግስ ለመነ፤ በቪም ውስጥ ኮለን ጽፎ «ሄልፕ ኡጋንዳ» ያለ ሰው ስለዚሁ ያነባል። ሙሌናር በ2023 ዐረፈ፤ ሥራውን ግን ሌሎች ቀጥለውታል።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ትንሽ ነው። አንድ ሰው ሠንጠረዡን ይሥራ፤ ሌላው ይፈትሸው፤ ሦስተኛው በፍላሽ ያዙረው። ክረምት ሲመጣና ሁላችን ወደየአገራችን ስንበተን፣ ከርብና ከጉማራ መካከል ያለው ልጅ የሩዙን ቃል፣ የደጋው ልጅ የገብሱን ቃል እየጻፈ ይመለስ። መስከረም ላይ ዝርዝሮቹን ስናጋጥም ፊደሉ የሚያጣላን ቢሆን፣ ማዕዘን ቅንፉን አትርሱ።